ሐምዱ ለበላቸው የመረጡት መሪ

ሞጣ የተመደብኩት በ1962 ዓ.ም. ነው። ጅማ ተወልጄ ያደግኩ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ገና የወጣሁ ሰው ነበርኩና በከተማው የማውቀው አንድም ሰው አልነበረም። ቤት ያከራዩኝ ጋሽ ሐምዱ ናቸው። ግቢያቸው ከገበያው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከፊት የወፍጮ ሞተር የሚጠግኑበት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት፣ ከኋላ እሳቸውና ባለቤታቸው ዘይዳ የሚኖሩበት ቤት፣ ከጎኑ ደግሞ የኔ ክፍል።

የጋሽ ሐምዱ አባትም አያትም ሞጣ ነው የተቀበሩት። ቤተሰቡ በጨውና በጨርቅ ንግድ የኖረ ነው። እሳቸው ግን ንግዱ አልሆነላቸውም። በወጣትነታቸው ከነጋዴ ጋር አሥመራ ሄዱ፣ ከዚያ ምጽዋ ወረዱ፣ በወደቡ የሞተር ጀልባ ጥገና ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሠሩ። አባታቸው ሲሞቱ እናታቸውን ለመጦር ተመለሱ። ሞጣ ላይ ጀልባ ከየት ይመጣል፤ እጃቸው ወደ ወፍጮ ሞተር ዞረ። በዙሪያው ያለ ባለወፍጮ ሁሉ ሞተሩ ሲያስቸግረው በቅሎ ይልክላቸዋል። ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ሞተር ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሰው ሲያዳምጡም እንዲሁ ስለሚያደርጉ መጀመሪያ ሰሞን እኔ ሳወራ እንቅልፍ የሚወስዳቸው እየመሰለኝ ቅር ይለኝ ነበር።

ከምጽዋ ይዘውት የመጡት ትልቁ ሀብታቸው የጋሽ በላቸው ወዳጅነት ነው። ጋሽ በላቸው ከብቸና ወጣ ብሎ ያለ መንደር ልጅ ናቸው፤ ደረተ ሰፊ፣ ሲስቁ ጠረጴዛ የሚያንቀጠቅጡ ሰው። ወደቡ ላይ በገመድ ጎታችነት ጀምረው ጀልባ ነጂ ሆኑ። እሳቸው ይነዳሉ፣ ጋሽ ሐምዱ ሞተሩን ይጠብቃሉ። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ክፍል ኖሩ፤ የአንዱ ጾም ሲገባ የሌላው ሲፈታ፣ የሥጋ ድስታቸውን ብቻ ለይተው። ጋሽ ሐምዱ ወደ ሞጣ ሲመለሱ ጋሽ በላቸውም ብዙ አልቆዩም፤ ለአገራቸው ይቀርባል ብለው ጣና ላይ ሕሙማን በጀልባ የሚያመላልስ አንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ዘንድ ተቀጠሩ። ባለቤታቸው እትዬ ፋንታነሽ ብቸና ቀሩ። ጋሽ በላቸው በዓመት ሁለት ጊዜ ፈቃድ ወጥተው ወደ ብቸና ሲወርዱ፣ ግማሹን መንገድ በጭነት መኪና ግማሹን በበቅሎ አድርገው ሞጣ ይገቡና ሦስት ቀን ጋሽ ሐምዱ ዘንድ ያርፋሉ። እነዚያ ሦስት ቀናት ጋሽ ሐምዱ ብዙ የሚናገሩባቸው ብቸኛ ቀናት ነበሩ።

በ1964 ኅዳር ላይ ግን ጋሽ በላቸው የመጡት ለዕረፍት ብቻ አልነበረም። ድርጅቱ ለጀልባዋ አዲስ ሞተር አግኝቶላት ነበር፤ የድሮውን እጥፍ ጉልበት ያለው። ከባሕር ዳር ደቅ ደሴት ግማሽ ቀን የሚፈጀው መንገድ ከሁለት ሰዓት በታች ሆነ። ምጥ የጠናባት ሴትም፣ በሬ የወጋው ሰውም፣ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃንም ሐኪም ቤት በሕይወት መድረስ ጀመሩ። ጋሽ በላቸው ይህን ሲያወሩ ሞተሩን ራሳቸው የሠሩት ይመስሉ ነበር።

መሪው ግን የድሮው ነው። ከመሪው የተነሣ የብረት ገመድ በጀልባዋ ጎንና ጎን ባሉ ተሽከርካሪ ፑሊዎች እየታጠፈ ኋላ ድረስ ይሄድና፣ ውሃ ውስጥ ያለችውን አቅጣጫ የምትሰጥ ብረት ይጎትታል። ጀልባዋ በፈጠነች ቁጥር ውሃው ያቺን ብረት በኃይል ይገፋታል። የተገፋውም ሁሉ በገመዱ ተመልሶ ነጂው እጅ ላይ ያርፋል። ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲነሣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ራሱ ትግል ሆነ። ተለዋጭ ነጂ ተብሎ የተቀጠረው ሰው ሁለት ሳምንት ሞክሮ ሥራውን ተወ። የቀሩት ጋሽ በላቸው ብቻ ናቸው። ድርጅቱ የመሪ ነገር የሚያውቅ ሰው ፈልጉ ሲላቸው የጋሽ ሐምዱን ስም ሰጡ።

ጋሽ ሐምዱ ባሕር ዳር ወርደው አራት ቀን ቆዩ። ሲሄዱ ከአንድ ቅቤ ነጋዴ የተዋሱትን የሚንጠለጠል ሚዛን በአቡጀዲ ጠቅልለው ያዙ። ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ሲመለሱ ነው የሰማሁት። ሚዛኑን የመሪው ጠርዝ ላይ አስረው፣ ጀልባዋ በሙሉ ፍጥነት ስትሄድ ሚዛኑን ይዘው ጎተቱ። መሪውን ለማዞር ሃያ ሁለት ኪሎ የሚያነሳ ጉልበት ያስፈልግ ነበር።

«ሃያ ሁለት ኪሎ፣ መምህር» አሉኝ። «ቀኑን ሙሉ።»

ከባሕር ዳር ሦስት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ይዘው መጥተዋል፤ የተለያዩ የጀልባ መሪዎች በሥዕልና በቁጥር የተዘረዘሩባቸው። እሳቸው ጣሊያንኛና ዐረብኛ ይሞካክራሉ እንጂ እንግሊዝኛ አያነቡም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከቆርቆሮ ቤታቸው ደጃፍ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ እየተቀመጥን አነብላቸዋለሁ። የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝ ሥዕሉን አሳያቸዋለሁ። ሥዕሉን አይተው ቃሉን እሳቸው ያስረዱኛል።

የብረት ገመዱንና ፑሊዎቹን በአዲስ መተካት አንዱ መንገድ ነበር። ርካሽ ነው፤ ግን ክብደቱን አይቀንስም። ወፍራም ሽቦ በቱቦ ውስጥ የሚገፋና የሚጎትት ሌላ ዓይነት አለ፤ እሱ ደግሞ ለትንንሽ ጀልባ ነው። ሦስተኛው ሃይድሮሊክ ነበር። ከመሪው ጀርባ ትንሽ ፓምፕ ይቀመጣል፤ መሪው ሲዞር ፓምፑ ዘይት በመዳብ ቱቦ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ኋላ ያለው ሲሊንደር ያቺን ብረት ያንቀሳቅሳል። ውሃው ብረቷን መልሶ ቢገፋ ዘይቱ ስለሚታገድ ኃይሉ ነጂው እጅ አይደርስም። እጁን ከመሪው ላይ ቢያነሳ እንኳ መሪው ባለበት ይቆማል። ጋሽ ሐምዱ የጭነት መኪና ፍሬን ዘይት እንዴት እንደሚሠራ ያውቁ ስለነበር በሁለተኛው ቀን ከኔ ቀድመው ገጹን እየገለጡ ያስረዱኝ ጀመር።

ትልቁ ጭንቀት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሲሊንደሩ ትልቅም ትንሽም አለ። በትልቁ መሪው እንደ ላባ ይቀላል፤ ግን ከአንድ ዳር ወደ ሌላ ዳር ለማድረስ ስድስት ዙር ይፈልጋል። በትንሹ አራት ዙር ይበቃል፤ ከክብደቱ ግን የተወሰነው ይቀራል። ጋሽ በላቸው በላኩት መልእክት የሚፈጥነው ይሁንልኝ ብለው ነበር። ጣና ውስጥ ከውሃ በታች የተደበቀ ድንጋይ አለ፤ ድንገት መጠምዘዝ ያስፈልጋል። ጋሽ ሐምዱ አንድ አሮጌ የወፍጮ ፑሊ ግድግዳ ላይ ቸንክረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንዴ አራት ዙር አንዴ ስድስት ዙር ሲያዞሩ ሰነበቱ። ዘይዳ ሰውዬው ምን ነካው እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። በሳምንቱ ትልቁን እንድጽፍ ነገሩኝ።

ጋሽ በላቸው የጠየቁት ሌላውን አልነበረም ወይ አልኳቸው።

«ድንጋዩ የት የት እንዳለ በላቸው ያውቃል። ከሩቅ ጀምሮ ያዞራል» አሉ። «ትከሻው ግን…» ብለው ፑሊውን ከግድግዳው ይነቅሉ ጀመር።

ለድርጅቱ የመጀመሪያውን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ስለ ኪሎው፣ ስለ ፓምፑ፣ ስለ ቱቦው ርዝመት፣ እሳቸው ያሉትን ሁሉ። በጥር መልስ መጣ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በትሕትና አመስግነው፣ እስካሁን ጀልባዋ አንድም አደጋ ስላልደረሰባት የብረት ገመዱን ማደስ ይበቃል ብለዋል። ውዱን መሪ ለመግዛት ሌላ ምክንያት ካለ ግን ለመስማት ዝግጁ ነን የሚል ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ነበረ።

ደብዳቤውን ተርጉሜላቸው ስጨርስ ጋሽ ሐምዱ ብዙ ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ ነው ስለ ትከሻው የነገሩኝ። ኅዳር ላይ ጋሽ በላቸው እጃቸውን ሲታጠቡ ማሰሮውን በግራ እጅ ማንሳታቸውን አይተው፣ ልብስህን አውልቅ ብለው ግድ አሏቸው። ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ወርዶ፣ ጡንቻው ሟሙቶ ነበር። ክንዳቸውን ከደረታቸው በላይ ማንሳት አይችሉም። መሪውን የሚያዞሩት በወገባቸውና በግራ እጃቸው ነው። ቢሮው ቢሰማ ያባርረኛል፣ ለማንም እንዳትናገር ብለው አስምለዋቸዋል።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጥሩ ደብዳቤ መጻፍ እንደምችል አምን ነበር። እንጻፈው አልኳቸው። እነዚህ ሰዎች ሕሙማንን ለመርዳት የመጡ ናቸው፣ ለራሳቸው ሠራተኛ አይራሩም ወይ? ሃያ ሁለት ኪሎ ብንላቸው ቁጥር ነው። ሰባት ዓመት ያገለገላቸው ሰው ትከሻ እየጠፋ ነው ብንላቸው ግን ልባቸው ይነካል። ለእሳቸው ጥቅም እስከሆነ ድረስ መሐላውም አይቆጠርም አልኳቸው።

ጋሽ ሐምዱ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ «ጻፈው» አሉ።

ጻፍኩት። በእንግሊዝኛ አሳምሬ ጻፍኩት። የአሁኑ ነጂያችሁ ቀኝ ክንዳቸውን ከደረት በላይ ማንሳት አይችሉም፣ በዚህ መሪ ቢቀጥሉ ጨርሶ ያጡታል አልኩ። በሦስት ሳምንት ፈቃዱ መጣ።

ዕቃው በመርከብ፣ ከወደብ ደግሞ በመኪና ተጉዞ ባሕር ዳር የደረሰው በሚቀጥለው ዓመት በጥር ነበር። ጋሽ ሐምዱ ዘጠኝ ቀን ፈጅተው ገጠሙት። እኔም የመንፈቁ ዕረፍት ስለነበር መጨረሻው ላይ ደረስኩ። ቱቦዎቹ ውስጥ የቀረ አየር መሪውን ያልፈሰፍሰዋል ብለው፣ ሆዳቸው ላይ ተኝተው አየሩን በጠብታ በጠብታ ሲያስወጡ አገኘኋቸው። አንድም ቦታ ዘይት አልፈሰሰም። ከሞጣ በተወሰደ የቅቤ ሚዛን የተመዘነው ሥራ ሐይቁ ላይ እንደ ሰዓት ገጠመ።

የመጀመሪያውን ጉዞ ያደረግነው ጠዋት ነው፤ ውሃው እንደ መስታወት ነበር። ጋሽ በላቸው እንደ ልማዳቸው እግራቸውን አንፈራጠው፣ ለትግል ተዘጋጅተው መሪውን ያዙ። መሪው ዞረ። በሁለት ጣት ሞከሩት፤ ዞረ። ፍጥነት ጨመሩ፣ ጀልባዋ አፍንጫዋን አነሳች፣ መሪው ያው ነው። ጋሽ ሐምዱ ከጎናቸው ቆመው ፊታቸውን ያዩ ነበር። እኔም ደስታ ጠብቄ አየሁ። ጋሽ በላቸው ግን የሆነ ነገር እንደጠፋበት ሰው ግራና ቀኝ ያዩ ነበር።

«ዝም አለ» አሉ።

«ምኑ?» አሉ ጋሽ ሐምዱ።

«መሪው። ድሮ ጥልቁን ስለቅ ይነግረኛል፣ ደለል ስቀርብ ይነግረኛል፣ ሣር ሲይዘኝ ይነግረኛል። በእጄ ነበር የማየው። አሁን ዝም አለ።» ወዲያው የወዳጃቸውን ፊት አይተው ነው መሰለኝ ሳቅ ብለው «ግድ የለም፣ እለምደዋለሁ። እጅህን ይባርከው» አሉ።

ወደ ዳር ስንመለስ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ኮታቸውን እንደለበሱ ተሳፈሩ። መሪውን ተቀብለው ጀልባዋን ሁለት ጊዜ በሰፊው አዞሯት። በጣም ተደሰቱ። አብሯቸው ለነበረው ሰው በእንግሊዝኛ «አሁንማ ማንም ሰው ሊነዳት ይችላል» አሉት። ጋሽ ሐምዱ የኃላፊው መደሰት ገብቷቸው ምን አሉ ብለው ጠየቁኝ። ወደውታል አልኳቸው። እውነትም ወደውታል። ቀሪውን ለምን እንዳልተረጎምኩላቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ገብቶኝ ሊሆን ይችላል።

በዚያው ዓመት በግንቦት ጋሽ በላቸው ሞጣ መጡ። የመጡት ሁለት ሻንጣና አንድ የተጠቀለለ ፍራሽ ይዘው ነው። ሥራውን ተውኩት፣ ሰውነቴም ደከመ፣ ፋንታነሽም ብቻዋን ከረመች፣ በቃኝ አሉ። እንደ ሌላው ጊዜ ሦስት ቀን ተቀመጡ። ምጽዋን አነሱ፣ ሳቁ፣ የጋሽ ሐምዱን አዲስ የወፍጮ ሞተር ሥራ ተዘዋውረው አዩ። መሪው ትከሻዬን አሳረፈልኝ ብለው አመሰገኑ። ጋሽ ሐምዱ በእውነት ደስ ብሏቸው ነበር። በሄዱ ጊዜ እስከ መኪናው ድረስ ፍራሹን ተሸክመው ሸኟቸው።

እውነቱ የወጣው በክረምቱ ማግሥት ነው። ጋሽ ሐምዱ የመሪውን ዘይት ለመለወጥና ዘይቱ እንዳይፈስ የሚያግዱትን ጎሚኒዎች ለማየት ባሕር ዳር ተጠርተው ነበር። ጀልባዋን ሌላ ሰው ይነዳታል፤ ሦስት ሳምንት ተምሮ የያዘው ነው፤ ክፉ ነጂም አልነበረም። ሥራቸውን ጨርሰው ቢሮ ሲገቡ ጸሐፊው፣ ለበላቸው አዘንን፣ ግን እርስዎ ስለ ትከሻው የጻፉት ደብዳቤ ከመዝገቡ ጋር ስለነበረ ሐኪም ይየው ተባለ፣ ሐኪሙም ለሥራ ብቁ አይደለም አለ፣ ብሎ እንደ ተራ ወሬ አወራቸው። ድሮ መሪውን ከሳቸው በቀር የሚችለው ስላልነበረ ቢታመሙም ባይታመሙም የሚነካቸው አልነበረም። ጋሽ ሐምዱ ያን መሪ ሲያቀሉት ጋሽ በላቸውን በቦታቸው ያቆያቸውን ነገር ነው ያነሱት።

ሞጣ የገቡ ቀን ወደ ክፍሌ መጡ። ከዚያ በፊት ክፍሌ ገብተው አያውቁም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሰሙትን ሁሉ ነገሩኝ። አንተ ነህ ያስጻፍከኝ አላሉም። አንዴም አላሉም። «ለምን አልነገረኝም? ቤቴ ሦስት ቀን ተቀምጦ ለምን አልነገረኝም?» አሉ እንጂ። ከዚያ ብቸና እንደሚሄዱ፣ ከፈለግኩ አብሬያቸው መሄድ እንደምችል ተናገሩ።

ቅዳሜ በጭነት መኪና ሄድን። በደብረ ወርቅ አድርገን ብቸና ስንደርስ ቀትር አልፏል። መንገዱን ሙሉ ጋሽ ሐምዱ የሚናገሩትን እየተለማመዱ ነበር፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ።

ጋሽ በላቸው ቤት ነበሩ፤ ደጃፉ ላይ በጸሐይ፣ ጋቢ ለብሰው። ያን ሰፊ ደረት ጋቢው ዋጥ አድርጎታል። መጀመሪያ አላወቅኳቸውም። ሳል ይዟቸው ነበር፤ እትዬ ፋንታነሽ ከሐምሌ ጀምሮ ነው አሉን። ትንሽ መሬት ነበራቸው። ራሴ አርሰዋለሁ ብለው በሰኔ በሬ ጠምደው ነበር። ግን በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ከአገር የወጡ ሰው ናቸው፤ በዚያ ትከሻ እርፉ አልያዝ ብሏቸው በሁለተኛው ቀን ለእኩል አራሽ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ሐይቅ በሌለበት አገር ጀልባ ነጂ ነበርኩ ቢሉ ማን ምን ይላቸዋል? አንዳንዱ ሰው ይቀልድባቸው ነበር።

እትዬ ፋንታነሽ ወደ ጓዳ ሲገቡ ጋሽ ሐምዱ ጀመሩ። የተለማመዱት ሁሉ ጠፋቸው። «ደብዳቤው…» ብለው ቆሙ።

«አነበቡልኝ» አሉ ጋሽ በላቸው።



«ያሰናበቱኝ ቀን ጸሐፊው በአማርኛ እየመለሰ አነበበልኝ። ጥሩ ደብዳቤ ነው። እኔ እንኳ ለራሴ እንዲህ አላዘንኩለትም።» ወደኔ ዞር ብለው ሳይቆጡ አዩኝ። «አንተ ነህ የጻፍከው?»

አዎን አልኳቸው።

«ስለምትወዱኝ ነው የጻፋችሁት፤ ይገባኛል» አሉ። ከዚያ ለጋሽ ሐምዱ ነው የተናገሩት፤ «ሞጣ ስመጣ ልነግርህ ነበር። ዘይዳ እራት ስታቀርብ፣ አንተ ስትስቅ፣ ነገ ነገ እያልኩ ተውኩት። ቢሮው አይደለም የጎዳኝ፤ የሚጠበቅ ነው። ግን አንድ ቃል ብትጠይቀኝ ኖሮ። ትከሻው የኔ ነበር፣ ሐምዱ። ልታሳርፈው ስትነሣ ባለቤቱን መጠየቅ ነበረብህ።»

ጋሽ ሐምዱ አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ። ይቅርታ አሉ፤ በጣም ቀስ ብለው ነው ያሉት። ጋሽ በላቸው እጃቸውን ዘርግተው የጋሽ ሐምዱን ጉልበት ያዙ። ይቅር ብያለሁ ግን አላሉም። ስለ ሌላ ነገር አወራን። ስንነሣ እስከ አጥሩ ሸኙንና ለዘይዳ ሰላም በሉልኝ አሉ።

ጋሽ ሐምዱ ከዚያ በኋላ በወር በወሩ ብቸና ይሄዱ ነበር። ማር ይዘው ይሄዳሉ፣ ከሐኪም ቤት መድኃኒት ይዘው ይሄዳሉ። ድርጅቱ በዚያ ዓመት ለመሪው እንክብካቤ ሲጠራቸው ታምሜአለሁ ብለው አልሄዱም። በኋላ ግን ዘይቱ ካልተለወጠ ጎሚኒው ያልቃል፣ ጎሚኒው ካለቀ ውሃ መካከል መሪው አይታዘዝም፣ ሕሙማኑ ምን በደሉ ብለው ሄዱ። ሲመለሱ መሪው ምንም እንዳልሆነ፣ በሚገባ እየሠራ መሆኑን ነገሩኝ። ጋሽ በላቸው የጠየቁትን ትንሹን ሲሊንደር ቢመርጡ ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር፤ ግን ሥራው ልክ ነበር። ከሁሉ የከበዳቸው ይህ ይመስለኛል። ቢበላሽ ኖሮ ቢያንስ ተሳስቼ ነው ይሉ ነበር።

ጋሽ በላቸው በ1966 በሐምሌ አረፉ። ክረምቱ መንገዱን ቆርጦ፣ ወንዙ ሞልቶ ስለነበር መርዶው ሞጣ የደረሰው ከተቀበሩ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ጋሽ ሐምዱ የሰሙት በሥራቸው ላይ ሳሉ ነው። የያዙትን መፍቻ በጨርቅ ጠርገው ቦታው ላይ አስቀመጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ከዚያ የቆርቆሮ ቤቱን በር ዘግተው ውስጥ ቀሩ። ዘይዳ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። ስታለቅስ የማየው እሷን ነበር።

ለአርባው መንገዱ ትንሽ ደርቆ ነበር። ጋሽ ሐምዱ አንድ ሙክት በግ ይዘው ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። በጉን የሟች ዘመዶች ተረክበው በራሳቸው ወግ አረዱት። ለጋሽ ሐምዱ እትዬ ፋንታነሽ ለብቻ ሽሮ ሠርተው አቀረቡላቸው። ዳሱ ውስጥ ከቄሶቹ ራቅ ብለው፣ ምሰሶ ተደግፈው ተቀመጡ። ሰው ማንነታቸውን ይጠያየቅ ነበር። የምጽዋ ጓደኛው ነው ይባባሉ ነበር።

ሰዉ ሲበተን እትዬ ፋንታነሽ መጥተው ከጎናቸው ተቀመጡ። ጥቁር ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ሸፍነው ነበር።

«ወንድም ሐምዱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉ። «እኔ ጣናን አላየሁትም። ጀልባም አላየሁም። እሱ ሲመጣ ስለ ሥራው አያወራኝም ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጦ መንዳት ነው ይለኝ ነበር። እኔም ቀላል ሥራ ነው ብዬ፣ እዚህ መሬት እየለመነው እዚያ ተቀምጦ ይውላል እያልኩ ስንት ጊዜ ነዘነዝኩት። ከብዶት ነበር እንዴ?»

ጋሽ ሐምዱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። 

«ወንበር አልነበረውም» አሉ። «ቆሞ ነው የሚውለው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገሯቸው። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደሚነሣ፣ ገመዱ እንዴት እንደሚጎትት፣ በቅቤ ሚዛን ስንት ኪሎ እንደተመዘነ። ሌሎች ሰዎች ሞክረው እንዳልቻሉ። ከደቅ ያመጣቸው ሴቶች በጀልባዋ ውስጥ እንደወለዱና አንዷ ልጇን በላቸው ብላ እንደጠራችው፤ ይህን እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር። እትዬ ፋንታነሽ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ሳያቋርጡ አዳመጡ። ጋሽ ሐምዱ ደብዳቤው ላይ ሲደርሱም አልዘለሉትም። ሲጨርሱ እትዬ ፋንታነሽ ተነሥተው፣ ያ ሽሮ ሳይበላ ቀዝቅዟል ብለው ሊያሞቁላቸው ወሰዱት።